ቅጠሉን መቼ እንቁረጥ? ስንቱንስ?



የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ስለሚል ቡና እየጠጣችሁ ብታነቡት ይሻላል። ጉዳዩ የቲማቲም ቅጠል ነው። "ቲቸር፣ ይሄም ርዕስ ሆኖ ነው?" የምትሉ እንደማትጠፉ አውቃለሁ። ግን ሰሞኑን በኢንቦክስ ከሚመጡልኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለዚህ ናቸው። ጓሮው ውስጥ የላስቲክ ቤት የሠራ ሁሉ መቀስ ይዞ ቆሟል። "ቅጠሉ በዛ፣ ልመልምለው?" "ፍሬው ፀሐይ አላገኘም፣ ልግለጥለት?" "ቪዲዮ ላይ እንዲህ ሲያደርጉ አየሁ፣ ልሞክረው?" ለእያንዳንዱ ሰው ለብቻ ከምመልስ እዚህ አንድ ጊዜ በደንብ ልጻፈው ብያለሁ።

ለመጻፍ ያስቸኮለችኝ አንዲት የድሮ ተማሪዬ ናት። ስሟን አልጠራም። ታሪኩን እንድጽፍ ግን ፈቅዳልኛለች፤ እንዲያውም "ሌላ ሰው እንዳይጎዳ ይጻፉት ቲቸር" ያለችኝ እሷ ናት።

ልጅቷ የእቁብ ዕጣ ቀድሞ ወጣላትና በዚያ ብር የላስቲክ ቤት ሠርታ 300 እግር ቲማቲም ተከለች። ዕጣ ቀድሞ የደረሰው ሰው ምን እንዳለበት ታውቃላችሁ። ብሩን በልቶታል፤ እሁድ እሁድ ግን እስከ መጨረሻው መጣሉ አይቀርም። እሷም የሳምንቱን እቁብ ከቲማቲሙ ሽያጭ ልትጥል ነበር ሐሳቧ። ተክሉ አማረ። አምስተኛው ዘለላ ላይ ሲደርስ፣ የመጀመሪያው ዘለላ ፍሬ ሞልቶ ገና አረንጓዴ እያለ፣ ባለቤቷ ስልኩ ላይ አንድ ቪዲዮ አሳያት። ሰውየው መብራት ስር የቆሙ ተክሎችን ቅጠል እየላጨ ግንድና አበባ ብቻ ሲያስቀር ያሳያል። "ከሦስት ሳምንት በኋላ እዩት" ይላል፤ ከሦስት ሳምንት በኋላም ተክሉ ሞልቶ ይታያል። ባልና ሚስት ቅዳሜ ጠዋት ገብተው 300ውንም እግር ላጩት። ሃያ ገደማ ቅጠል ከነበረው ተክል ላይ ስድስት አስቀሩ።

ያላስተዋሉት ነገር ቢኖር ቪዲዮው ላይ ያለው ተክል ቲማቲም አለመሆኑን ነው። ካናቢስ ነበር።

ሊንኩን ስትልክልኝ መጀመሪያ ሳቄ መጥቶ ነበር። የራሷን ማሳ ፎቶ ሳይ ግን ሳቁ ጠፋ።

እስቲ ከዚያው ከቪዲዮው እንጀምር፤ ሰዎቹ ያለ ምክንያት አይደለም የሚቆርጡት። ካናቢስ በእኛ አገር ሕግ የተከለከለ ነው፤ ስለ አተካከሉ ላስተምር አልተነሳሁም። በፈቀዱት አገሮች ግን በይፋ ይመረታል። ካናዳ እ.ኤ.አ. በ2018 ፈቅዳለች፤ ጀርመን ደግሞ በ2024 ለአንድ አዋቂ ሰው እቤቱ እስከ ሦስት እግር እንዲያበቅል ፈቅዳለች። ኢንተርኔቱን የሞሉት የ"ቅጠል ቁረጡ" ቪዲዮዎች ብዙዎቹ ከነዚህ አብቃዮች የመጡ ናቸው።

እነሱ ቤት ውስጥ በመብራት ነው የሚያበቅሉት። መብራት እንደ ፀሐይ አይደለም፤ ከላይ በአንድ ቦታ ተሰቅሏል፣ ከራቁትም ይደክማል። ላይኛው ቅጠል ከሸፈነው ታች ያለው አበባ ጨለማ ውስጥ ይቀራል። የሚሸጡት ደግሞ አበባውን ራሱን ነው። በተጨማሪም የአበባው ወቅት አጭር ነው፤ መብራቱን ከ18 ሰዓት ወደ 12 ሰዓት ካወረዱለት በኋላ በአብዛኛው ከ8 እስከ 10 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ታጭዶ ያልቃል። ስለዚህ መብራቱን ሊቀንሱ ሲሉ አንድ ጊዜ፣ ከዚያ በሦስተኛው ሳምንት ግድም፣ ተክሉ ቁመት መጨመሩን ሲያቆም፣ ሌላ ጊዜ ያራግፋሉ። እነሱም ራሳቸው አይስማሙም። አንዱ ሙልጭ አድርጎ ይላጫል፤ ልከኛው ደግሞ በአንድ ጊዜ ከሩብ በላይ አትንኩ ይላል። ሁሉም የሚስማሙበት አንድ ነገር ቢኖር አየር ነው። የታፈነ፣ እርጥበት የያዘ አበባ ግራጫ ሻጋታ ይይዘዋል፤ ቦትራይቲስ ብዬ ያስተማርኳችሁ ማለት ነው። ዝዋይና ቢሾፍቱ የአበባ እርሻ የገባችሁ ልጆች ጽጌረዳ ላይ ቀን ከሌት የምትዋጉት ያው እሱ ነው። ቲማቲምንም አይምርም።

እንግዲህ ከዚያ ቪዲዮ ለእኛ የሚሆነው ይሄ የአየሩ ነገር ነው። ሌላው እዚያው ይቅር። የእኛ ቲማቲም ፀሐይ ስር ነው ያለው፣ ለወራት ነው የሚለቀመው፣ የምንሸጠውም ፍሬውን ነው። ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

አሁን ወደ ቅጠሉ። ክፍል ውስጥ "ቅጠል የተክል ኩሽና ነው" ስላችሁ ትስቁ ነበር። ኩሽና ነው እኮ! ፍሬ ውስጥ ያለው ስኳር አብዛኛው ቅጠል ላይ የተሠራ ነው። ትንሽ ቅጠል መጀመሪያ ተቀባይ ነው፤ እንደ ሕፃን ከሌላው ይበላል። ሲያድግ ሰጪ ይሆናል። ሲያረጅና ጥላ ውስጥ ሲገባ ስጦታው ይቀንሳል፣ በመጨረሻ ቢጫ ሆኖ ናይትሮጅኑን ወደ ላይ ልኮ ይደርቃል።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ አባባል አለ፤ "ታች ያለው ቅጠል ጥገኛ ነው፣ የፍሬውን ምግብ ይበላል" ይባላል። አይበላም። አንድ ጊዜ ሰጪ የሆነ ቅጠል ወደ ተቀባይነት አይመለስም። ለራሱ የሚበቃ መሥራት ሲያቅተው ይሞታል እንጂ ከጎረቤት አይለምንም። ስለዚህ የታችኛውን ቅጠል የምንቆርጠው "ሌባ" ስለሆነ አይደለም። ሥራውን ስለጨረሰ፣ አየር ስለሚዘጋና በሽታ ከአፈር ወደ ላይ የሚወጣበት መሰላል ስለሚሆን ነው።

ሁለተኛው አባባል "ፍሬው እንዲቀላ ፀሐይ ይምታው" የሚለው ነው። ይሄኛው የብዙ ሰው ማሳ አበላሽቷል። ቲማቲም ለመቅላት ፀሐይ አይፈልግም። ማስረጃው እቤታችሁ አለ፤ እናቶቻችን ጥሬውን ቲማቲም ካርቶን ውስጥ ከተው አልጋ ስር ሲያስቀምጡት አይቀላም እንዴ? ከመቂ ግማሽ በግማሽ ሳይቀላ በእንጨት ሳጥን የተጫነው ቲማቲም አትክልት ተራ ደርሶ፣ ቸርቻሪው ጋር ሲቀመጥ አይደለም የሚቀላው? ፍሬው የሚቀላው በዕድሜውና በራሱ በሚያወጣው ኤትሊን ጋዝ ነው፤ የሚፈልገው መጠነኛ ሙቀት ነው። እንዲያውም ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ በደንብ ካለፈ ቀዩ ቀለም መሠራቱ ይዳከምና ፍሬው ብርቱካንማ ወይም ቢጫ ይሆናል። የላስቲክ ቤት እኩለ ቀን ላይ ስንት እንደሚደርስ ቴርሞሜትር ሰቅላችሁ እዩ። ቅጠል የለመደ ፍሬን ድንገት ስትገልጡት ፀሐይ የመታው ጎን ይነጣል፣ ይኮማተራል፣ እንደ ወረቀት ይሆናል። ያ ፍሬ ከዚያ በኋላ አይሸጥም።

ቅጠል ደግሞ ጥላ ብቻ አይደለም። ያልበዋል፤ ያ ላብ ቤቱን ያቀዘቅዛል። ሃያ ቅጠል የነበረው ተክል ስድስት ሲቀረው ቤቱ የበለጠ ይሞቃል፤ ሥሩ የሚስበው ውኃም ይቀንሳል። ባለቤቱ ግን ውኃውን እንደ ድሮው ይለቃል። አፈሩ ይጨቀያል፣ ትርፉ ውኃ ወደ ፍሬ ይገባል፣ ፍሬው ይሰነጠቃል። ከዚያ "ዘሩ ነው የሰነጠቀብኝ" ይባላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። "ስንት እንቁረጥ?" ለሚለው መልሱን የሚሰጣችሁ እኔ አይደለሁም፤ ተክሉ ራሱ ነው።

ቁመቱን የማያቆመው ዓይነት ቲማቲም አድጎ ፍሬ መያዝ ከጀመረ በኋላ ሦስት ቅጠል ያወጣና አንድ ዘለላ ያበቅላል። እንደገና ሦስት ቅጠል፣ አንድ ዘለላ። ሙቀቱ ከተስማማው ይህን ዙር በሳምንት ወይም ከሳምንት ትንሽ በሚበልጥ ጊዜ ይጨርሳል። ስለዚህ በሳምንት ከላይ የሚጨምረው ሦስት ቅጠል ግድም ነው። እናንተም ከታች በሳምንት ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት ካነሳችሁ ሚዛኑ ተጠበቀ። ትላልቆቹ የሆላንድ የቲማቲም ግሪን ሃውሶች ውስጥ ሠራተኛ በየሳምንቱ እየዞረ የሚያነሳው ይህንኑ ያህል ነው። አስር በአንድ ቀን ካነሳችሁ ግን የሦስት ሳምንት ከግማሽ ቁጠባ አወጣችሁ ማለት ነው።

መጥፎው ነገር ይህ ወጪ ያን ቀን አይታይም። አበባ ከያዘበት ቀን አንስቶ ፍሬው እስኪቀላ ከ45 እስከ 60 ቀን ይፈጃል። ስትላጩት ያደጉት የታችኛዎቹ ዘለላዎች ምግባቸውን አብዛኛውን ጨርሰው ወስደዋል፤ እነሱ ይቀላሉ። በዚያ ላይ ስለተገለጡ ፍሬው የበዛ ይመስላል፣ ማሳው ንጹህ ይመስላል፣ ጎረቤት መጥቶ ያደንቃል። "ይኸው ሠራ!" ትላላችሁ። የተራበው ግን ያኔ አበባ ላይ የነበረው ነው። አበባው ይረግፋል፣ ወይ የያዘው ፍሬ ብይ ያህል ሆኖ ይቀራል። ሂሳቡ የሚመጣው ከስድስት፣ ከሰባት ሳምንት በኋላ ነው። ያኔ ደግሞ ሰው ቅጠሉን ረስቶታል፤ መድኃኒቱን፣ ማዳበሪያውን፣ አየሩን ይወቅሳል። ሰው ይህን ስህተት የሚደጋግመው ሞኝ ስለሆነ አይደለም። ጥፋቱና ቅጣቱ በሁለት ወር ስለሚራራቁ ነው።

ለልጅቷ የነገርኳት ይህንኑ ነው። "አሁን የሚለቀመው አያሳስብሽ። ካላንደር አምጪና ዛሬ ከላጫችሁበት ቀን ስድስት ሳምንት ቁጠሪ። እዚያ ላይ የሦስት፣ የአራት ሳምንት ጉድጓድ አለ። ለእሱ ተዘጋጂ" አልኳት። ስልኩ ላይ ዝም አለች። ከዚያ "እቁቡስ ቲቸር?" አለችኝ።

መልሱን ከታች እነግራችኋለሁ። መጀመሪያ ሥራውን በቅደም ተከተል ላስቀምጥ፤ ሴቭ የምታደርጉት ይሄን ነው።

1. ዘራችሁን እወቁ። ቁመቱ ራሱ የሚቆም፣ ቁጥቋጦ የሚሆን ዓይነት ከሆነ (ሮማ ቪኤፍ፣ ከመልካሳ የወጡት እነ መልካሳልሳ፣ እነ መልካሾላ) አፈር የሚነካውንና የታመመውን ብቻ አንሱ። ሌላውን አትንኩ፤ ቅጠሉ የተቆጠረ ነው፣ የሚተካ አያወጣም። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በገመድ ተሰቅሎ ወደ ላይ ለሚሄደው ነው።

2. የመጀመሪያው ዙር፦ ችግኙ ሥር ይዞ የመጀመሪያው ዘለላ ፍሬ ሲቋጥር። የሚነሳው አፈር የነካው ቅጠል ብቻ ነው። ውኃ ስታጠጡ ከአፈር የሚፈናጠረው በሽታ መጀመሪያ የሚያገኘው እሱን ነው።

3. ሁለተኛው ዙር፦ የመጀመሪያው ዘለላ ሙሉ መጠኑን ይዞ መቅላት ሲጀምር ከእሱ በታች ያለውን። ከዚያ በኋላ ሕጉ አንድ ነው፤ እየቀላ ካለው ዘለላ በላይ እጃችሁ አይውጣ።

4. በአንድ ጊዜ ከሁለት እስከ ሦስት ቅጠል። ምንጊዜም ተክሉ ላይ ከ12 እስከ 15 ሙሉ ቅጠል ይቅር። በበጋው፣ በተለይ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ፣ ወደ 15ቱ አድሉ፤ ጥላ ያስፈልገዋል። ሐምሌና ነሐሴ እርጥበቱ ሲበዛ ታችኛውን ትንሽ ከፈት አድርጉ፤ ከ12 በታች ግን አትውረዱ።

5. በብብቱ የሚወጣው ቡቃያ፣ ሱከር የምንለው፣ ሌላ ጉዳይ ነው። እሱን ጣት ሳያክል በየሳምንቱ አንሱ። ሱከር አንሱ ሲባል ቅጠል የሚያነሱ አሉና ተጠንቀቁ።

6. ሰዓቱ ጠዋት ነው፤ ጤዛው ከደረቀ በኋላ፣ ከ3 እስከ 5 ሰዓት ግድም። ቅጠሉ ውኃ ስለያዘ ቀጭ ብሎ ይሰበራል፣ ቁስሉም እስኪመሽ ይደርቃል። ማታ የተቆረጠ ቁስል እርጥብ ሆኖ ያድራል፤ ሻጋታ የሚወደው እሱን ነው።

7. ከግንዱ ጋር ከሚገናኝበት ስበሩት። ጉቶ አታስቀሩ፤ ጉቶው ይበሰብስና ግንዱን ያበላሻል። መቀስ ከያዛችሁ በየተክሉ መካከል በበረኪና ውኃ ንከሩት። ሲጋራ የምታጨሱ እጃችሁን በሳሙና ሳትታጠቡ አትግቡ፤ የትምባሆ ቫይረስ ወደ ቲማቲም በእጅ ይሄዳል።

8. የወደቀውን ቅጠል እዚያው አትተዉ። ቱታ አብሶሉታ ትሉ ቅጠሉ ውስጥ ነው ያለው። ሰብስቡና አርቃችሁ ቅበሩ፣ ወይም በላስቲክ አስራችሁ ፀሐይ ላይ ጣሉት።

9. ተክሉ ጠውልጎ ከሆነ፣ ከታመመ፣ አሁን ከተዛወረ፣ ወይ ሙቀት እያንገበገበው ከሆነ ያን ሳምንት ዝለሉት። የታመመ ሰው ደም አይለግስም።

ከተላጨ በኋላ ለምትደውሉልኝ ደግሞ ማድረግ ያለባችሁን ልንገራችሁ። መጀመሪያ መቀሱን አስቀምጡ፤ ለአንድ ወር ያህል የታመመ ካልሆነ አንድም ቅጠል አይነካ። ውኃውን ቀንሱ፤ አፈሩን በጣት እያያችሁ። ጣራው ላይ የጥላ መረብ ዘርጉ። ዩሪያ አትጫኑበት፤ ኩሽናው የፈረሰ ቤት ውስጥ ጥሬ ሥጋ ማከማቸት ይሆናል። ላይ ያሉት ደካማ ዘለላዎች ላይ ፍሬውን አሳሱ፤ ስድስት ከያዘ ሦስት ይበቃዋል። ከዚያ ጠብቁ። በሳምንት ሦስት እያለ ራሱ ይሞላዋል።

ልጅቷም እንዲሁ አደረገች። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ዘለላዎች፣ ፀሐይ ያቃጠለው ወጥቶለት፣ ደህና ተሸጡ። ባሏ "ይኸው ምንም አልሆነም፣ ቲቸር ያጋነናል" ብሎኝ ነበር አሉ። በሰባተኛው ሳምንት በሳምንት ሦስት ሳጥን ይወጣ የነበረው አንድ ሳጥን እንኳ መሙላት አቃተው። እንደዚያ ሆኖ አራት ሳምንት ቆየ።

እሷ ግን ቀኑን ታውቀው ነበር። ጉድጓዱ ከመድረሱ ከወር በፊት በላስቲክ ቤቱ ዳርና ዳር ጎመንና ቆስጣ ዘርታለች። እቁቡ ዳኛ ዘንድም ቀድማ ሄዳ "ከዚህ እሁድ እስከዚህ እሁድ አልችልም፣ ከዚያ በኋላ እጥፍ እጥፍ እጥላለሁ" ብላ ዋስ ጠርታ ተነጋግራለች። ዳኛው ሽማግሌ "ሰው አጥቶ ሲቀር ነው የሚመጣው፤ ሊያጣ መሆኑን አስቀድሞ በካላንደር ቆጥሮ የመጣ ሰው አይቼ አላውቅም" አሏት። ፈቀዱላት። አሁን ተክሉ ሞልቶላታል፣ የቀረባትንም እየጣለች ነው።

ስትነግረኝ ደስ ያለኝ ማሳው ስለዳነ ብቻ አይደለም። ሃያ ዓመት ሙሉ ሰሌዳ ላይ "ከአበባ እስከ ፍሬ ከ45 እስከ 60 ቀን" እያልኩ ስጽፍ ለፈተና የሚሸመደድ ቁጥር ይመስል ነበር። ያ ቁጥር አንዲት ሴት ዳኛ ፊት አንገቷን ሳትደፋ እንድትቆም አድርጓታል።

በመጨረሻ አንድ ነገር ልበል። ይህን ጥበብ ከቪዲዮ መፈለግ አልነበረብንም። እናቶቻችን ከጓሮ ጎመን ሲቀነጥሱ አይታችኋል? ከታች ከታች፣ ከአንዱ እግር ሁለት፣ ከሌላው ሁለት፣ አናቱን ሳይነኩ። ለወጥ ስላነሳቸው አንዱን እግር ሙልጭ አያደርጉም፤ ነገም ጎመን መብላት ስላለ። እንሰት የሚተክሉትም ለዳቦ መጋገሪያ ኮባ ሲቆርጡ ከውጭ ከውጭ ነው፣ መሃሉን አይነኩም። ተክል ሲያድግ አይተው እጃቸውን መያዝ ያውቁ ነበር። እኛ ግን የላስቲክ ቤት ገብተን ምንም ሳንሠራ መውጣት ያስጨንቀናል፤ ብር አውጥተንበታልና አንድ ነገር ማድረግ ያለብን ይመስለናል። አንዳንድ ሳምንት ትክክለኛው ሥራ ቆጥሮ መውጣት ነው።

ስለዚህ ነገ ጠዋት ግቡና አንድ ተክል ላይ ያለውን ቅጠል ቁጠሩ። ቁጥሩን፣ ስንተኛ ዘለላ ላይ እንደሆነና የት ከተማ እንደሆናችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። ቢሾፍቱና ሐዋሳ፣ ባሕር ዳርና ድሬዳዋ አንድ ስላልሆኑ እያየሁ እመልሳለሁ። መቀሱን ግን መልሴ እስኪመጣ አታንሱት።

ቸር ሰንብቱ።